የማይፈታ ገበያ፤ ታዳጊዎችን ከስልክና ከጌም ጋር ያቆራኛቸው ምንድን ነው?

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር ዞን የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው የአርብ ቀን ገበያ ስም ያወጣላት ከተማ ናት። የሳምንት ገበያን ሥርዓት በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው እህሉንና ከብቱን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ ይመጣል፤ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ከዘመድ ወዳጅ ጋር ይገናኛል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ ያያል፣ ይታያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ገበያው ይፈታል። የቀረ ጉዳይ ቢኖር ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል።

በታዳጊዎቻችን ኪስ ውስጥም ሌላ ገበያ አለ። በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በስልክ ጌም ውስጥ ሰው ይገናኛል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ ያያል፣ ይታያል። ልዩነቱ ይህኛው ገበያ የማይፈታ መሆኑ ነው።

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ከገጠር ቀበሌ ወደ አርብ ገበያ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ስንቁን ቤተሰቦቹ በገበያ ቀን ያደርሱለታል። ማታ ደብተሩን ገልጦ ይቀመጣል። «አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» ብሎ ስልኩን ያነሣል፤ ቀና ሲል እኩለ ሌሊት አልፏል። ጠዋት በራሱ ይናደዳል፤ ማታ ግን ያንኑ ይደግማል። አባቱ ነገሩን ሲሰሙ «ስንፍና ነው» ይላሉ። መምህሩ «ሱስ ነው» ይላሉ። ልጁ ራሱ ደግሞ «ምን እንደሚነካኝ አላውቅም» ይላል።

ለመሆኑ ከሦስቱ ትክክለኛው ማን ነው? መልሱ ቀላል የማይባል ውጤት አለው። ነገሩ ስንፍና ከሆነ መድኃኒቱ ተግሣጽ ነው፤ ሱስ ከሆነ ሕክምና ነው፤ ሌላ ነገር ከሆነ ግን ሁለቱም ዒላማቸውን ይስታሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። ከዚህ ውጤት በስተጀርባ ጦርነት፣ የትምህርት መቋረጥና የትምህርት ጥራት ጉድለት ስላሉ ሁሉንም በስልክ ማሳበብ ሳይንሳዊ አይሆንም። ይሁን እንጂ ዕድሉ እንዲህ በጠበበበት ፈተና ፊት ለቆመ ተማሪ እያንዳንዷ የማታ ሰዓት ዋጋ አላት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ያቺን ሰዓት የሚወስዳት ምን እንደ ሆነ ከሥነ ልቦናና ከአንጎል ሳይንስ አንጻር እንመለከታለን።

ሱስ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ «የጌም መታወክ» ራሱን የቻለ ችግር ሆኖ ተመዝግቧል። መለያዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሰውየው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም መቆጣጠር ያቅተዋል። ሁለተኛ፣ ጌሙ ከትምህርት፣ ከሥራና ከሌሎች ፍላጎቶች ሁሉ ይቀድማል። ሦስተኛ፣ ጉዳት እያስከተለበት መሆኑን እያየም ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ኑሮውን በግልጽ የሚያናጋና አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የዘለቀ መሆን ይኖርበታል። የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ ግን በዚህ ምደባ ውስጥ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ አልሰፈረም።

መስፈርቱ ጥብቅ በመሆኑ የሚያሟሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው። አንድሩ ፕርዚቢልስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ፣ በብሪታንያ፣ በካናዳና በጀርመን ባደረጉት ጥናት የችግሩን መለኪያ ሊያሟሉ የሚችሉት ከጠቅላላው ሕዝብ ከ1 በመቶ የማይበልጡ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ የበለጸጉ አገሮች ቁጥር ስለሆነ እንዳለ ወደ እኛ አገር አናመጣውም፤ ነገር ግን በጌም የሚመሰጥ ሁሉ ሕመምተኛ አለመሆኑን ያስረዳናል። በመሆኑም ከላይ ያሰብነውን ተማሪ «ሱሰኛ» ብለን ከመፈረጃችን በፊት ባሕርዩን የሚመሩትን ኃይሎች ማወቅ ይገባናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ እነዚህ ኃይሎች አንድ ባንድ ሲታዩ ቀጭን፣ ሲተባበሩ ግን ጠንካራ ናቸው።

የመጀመሪያው ድር፤ የማይታወቅ ሽልማት

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እርግቦችን በሣጥን ውስጥ እያኖረ ያጠና ነበር። እርግቧ ቁልፉን በመንቁሯ ስትነካ እህል ይወርድላታል። እህሉ በተወሰነ ቁጥር ለምሳሌ በየአሥር ንኪው ሲሰጣት ትሠራለች፤ ካገኘች በኋላ ግን ጥቂት ታርፋለች። እህሉ አንዴ በሦስተኛው፣ አንዴ በሃያኛው፣ አንዴ በሰባተኛው ንኪ በዘፈቀደ ሲመጣ ግን ያለ ዕረፍት ትነካካለች። ስኪነርና ቻርልስ ፈርስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ በዝርዝር አሳይተዋል። የቁማር ማሽን የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ስልክ በምናነሣበት ጊዜም የሚጠብቀን ነገር እንዲሁ አይታወቅም። አንዳንዴ ምንም የለም፤ አንዳንዴ አሰልቺ ነገር አለ፤ አንዳንዴ ግን የጓደኛ መልእክት፣ የሚያስቅ ቪዲዮ ወይም ለፎቶግራፋችን የተሰጠ ላይክ እናገኛለን። ሁልጊዜ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እንጠግበው ነበር፤ ከቶ የማይገኝ ቢሆን ኖሮ እንተወው ነበር። የሚይዘን በሁለቱ መካከል ያለው «ምናልባት» ነው።

ይህ «ምናልባት» በአንጎል ውስጥ የራሱ አሠራር አለው። ወልፍራም ሹልትዝ የተባለው ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳትን ሥራ ተከታትሏል። ጦጣው ያልጠበቀውን ጭማቂ ሲያገኝ ሕዋሳቱ አብዝተው ይሠራሉ። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት መብራት መብራት ከጀመረና ጦጣው ይህን ከለመደ ግን ሕዋሳቱ የሚነቁት ለመብራቱ እንጂ ለጭማቂው አይደለም። የተጠበቀው ጭማቂ ሲቀር ደግሞ ሥራቸው ይቀንሳል። ዶፓሚን ብዙ ጊዜ እንደሚባለው «የደስታ ኬሚካል» ሳይሆን በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳውቅ የትምህርት ምልክት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። የስልክ ማሳወቂያ ድምፅ ለእኛ እንደዚያ መብራት ነው።

ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን ደግሞ ሌላ ጠቃሚ ልዩነት አሳይተዋል። በአንጎል ውስጥ «መፈለግ» እና «መውደድ» የተለያዩ ሥርዓቶች ናቸው፤ ዶፓሚን በዋነኛነት የሚያገለግለው መፈለግን ነው። ስለሆነም ሰው ብዙም የማያስደስተውን ነገር አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል። ተማሪያችን ማታ ስልኩን እያንሸራተተ ከልቡ ሳይደሰት መቀጠሉ፣ ጠዋትም መናደዱ እንቆቅልሽ መስሎ የታየው ሁለቱን እንደ አንድ ስለምንቆጥራቸው ነው።

ሁለተኛው ድር፤ የእኩዮች ዓይን

ይህ አሠራር በሁሉም ዕድሜ ያለ ከሆነ ታዳጊዎችን ለይቶ የሚይዛቸው ለምንድን ነው? በጉርምስና ወራት ለሽልማት የሚነቃው የአንጎል ክፍል በጣም ንቁ ይሆናል። ስሜትን የሚገታውና አስቀድሞ የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን እድገቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ከዚህም በላይ የታዳጊ አንጎል እኩዮቹ ለሚሰጡት ግምት ልዩ ትኩረት አለው።

በአሜሪካ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ጄሰን ቼን፣ ሎረንስ ስታይንበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት ይህን ያሳያል። ታዳጊዎችና አዋቂዎች የአንጎላቸው እንቅስቃሴ እየተነሣ በኮምፒውተር መኪና እንዲነዱ ተደረገ። ታዳጊዎቹ ጓደኞቻቸው እንደሚመለከቷቸው ሲያውቁ ለአደጋ የሚያጋልጥ ውሳኔ መወሰን አበዙ፤ የሽልማት ክፍላቸውም ይበልጥ ነቃ። በአዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኞች መኖር ይህን ለውጥ አላመጣም።

ሎረን ሸርማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሌላ ጥናት 32 ታዳጊዎች ከሌሎች ታዳጊዎች ላይክ እንዳገኙ የተነገራቸውን ፎቶግራፎች በስካነር ውስጥ ሆነው ተመለከቱ። የላይኩን ብዛት የወሰኑት ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ታዳጊዎቹ ብዙ ላይክ ያለውን ፎቶግራፍ እነርሱም ላይክ ማድረግን መረጡ፤ የራሳቸው ፎቶግራፍ ብዙ ላይክ አግኝቶ ሲያዩት ደግሞ የሽልማት ክፍላቸው ይበልጥ ተንቀሳቀሰ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የእኩዮችን አስተያየት መሻት ጉድለት አይደለም። ታዳጊ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ በማኅበረሰቡ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው በዚህ ነው። በገበያ ቀን አዲስ ልብስ ለብሶ መታየትም ከዚሁ ይመነጫል። ነገር ግን በገበያ የሚያየን ሰው የሚያውቀን ሰው ነው፤ የምንወዳደረውም ከመሰሎቻችን ጋር ነው። ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው ሰው ራሱን የሚመዝነው ከሌሎች ጋር በማስተያየት ነው። በስልክ ላይ የጋይንት ተማሪ ራሱን የሚያስተያየው ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ ከሚኖሩ፣ ከኑሯቸውም መልካሙን ብቻ መርጠው ከሚያሳዩ እኩዮቹ ጋር ነው። ሚዛኑ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው።

ሦስተኛው ድር፤ ጌሙ የሚሞላው ጉድለት

ጌም በአንጎል ላይ የሚሠራው ሥራ ከተጠና ቆይቷል። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1998 በተደረገ ጥናት ስምንት ወንዶች በኮምፒውተር ታንክ የመንዳት ጌም ሲጫወቱ በአንጎላቸው ዶፓሚን እንደሚጨምር ታይቷል። ነገር ግን ይህ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ ዶፓሚን ሰው በሚጓጓላቸው በብዙ ነገሮች ይጨምራልና።

የተሻለ ማብራሪያ የሚሰጡት ሪቻርድ ራያንና ኤድዋርድ ዴሲ ናቸው። በእነርሱ አስተሳሰብ የሰው ልጅ ሦስት መሠረታዊ ሥነ ልቦናዊ ፍላጎቶች አሉት፤ እነርሱም እችላለሁ የሚል ስሜት፣ በራስ ፈቃድ መምረጥና ከሌሎች ጋር መተሳሰር ናቸው። ራያን፣ ስኮት ሪግቢና ፕርዚቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት ሰዎች ጌምን የሚወዱትና ሊመለሱበት የሚሹት እነዚህን ፍላጎቶች ስለሚያረካላቸው ነው።

አሁን ጌሙን ከትምህርት ቤት ጋር እናስተያይ። በጌም ውስጥ የተሠራው ስሕተት ወዲያውኑ ይታወቃል፤ ወዲያውም ይደገማል። ደረጃው ከተጫዋቹ ችሎታ ጋር አብሮ ያድጋል። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እንዳስረዳው፣ ፈተናው ከችሎታ ጋር ሲመጣጠን፣ ግቡ ግልጽ ሲሆንና ውጤቱ ቶሎ ሲታወቅ ሰው ጊዜን እስኪረሳ ድረስ በሥራው ይመሰጣል። በተጨናነቀ ክፍል የሚማረው ተማሪ ግን የሠራው የቤት ሥራ ሳይታረም ሊቀር ይችላል። ሁሉ ነገሩም በአንድ ብሔራዊ ፈተና ላይ ተንጠልጥሏል።

በየከተማው የምናያቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶችም በዚህ ዓይን ሲታዩ ትርጉማቸው ይለወጣል። ወደዚያ የሚሄደው ታዳጊ የሚሄደው ለስክሪኑ ብቻ አይደለም። ጓደኞቹ እዚያ አሉ፤ ጨዋታውን የሚያውቅ ልጅ እዚያ ይከበራል። በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ «ጎበዝ» የሚባልበት ብቸኛው ቦታ ይህ ሊሆን ይችላል። ይህን ቦታ ሳንተካለት በሩን ብንዘጋበት የምንነጥቀው ከጨዋታ የበለጠ ነገር ነው።

አራተኛው ድር፤ የማብቂያ መጥፋት

ገበጣ የተጫወተ ሰው ጠጠሩ ሲያልቅ ጨዋታው እንደሚያልቅ ያውቃል። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። እነዚህ ማብቂያዎች ቆም ብለን «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» ብለን እንድንጠይቅ ያደርጉናል። አዛ ራስኪን እ.ኤ.አ. በ2006 የነደፈው፣ ገጹ ሳያልቅ አዲስ ነገር ከሥር እየተጨመረ የሚሄድበት አሠራር ይህን ጥያቄ አስቀረው። ራስኪን ራሱ በኋላ በሥራው መጸጸቱን ተናግሯል። ቪዲዮ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚጀምርበት አሠራርም የዚሁ ወንድም ነው።

በጌም በኩል ደግሞ ያልተጠናቀቀ ተግባር ይጎትተናል። ማሪያ ኦቭሲያንኪና እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ሥራቸው በመካከል ሲቋረጥባቸው ማንም ሳያዝዛቸው ሊጨርሱት እንደሚመለሱ አሳይታለች። የዛሬ ጌሞች ሁልጊዜ ጥቂት የቀረው ደረጃ ያሳዩናል፤ የዕለት ሽልማትም አዘጋጅተው ነገ እንድንመለስ ይጠሩናል።

በእኛ አገር በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ፣ ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ ተማሪ ስልኩን ለሌሊት ያቆየዋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ታዳጊዎች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። በጉርምስና ወራት የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ማምሻ ስለሚገፋ ታዳጊ አምሽቶ መተኛት ይቀናዋል፤ ትምህርት ግን ጠዋት ይጀምራል። ስለዚህ የረከሰው ጥቅል ዋጋው በእንቅልፍ ይከፈላል። ቀን የተማርነውን አንጎል የሚያደላድለውም በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ ጉዳቱ ድርብ ነው።

መስመሩን መቁረጥ ፈውስ ነውን?

በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ ፈተናው ከተሰረዘ በኋላ፣ በሐምሌ ወር በድጋሚ ሲሰጥ መንግሥት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችን ለቀናት ዘግቶ ነበር። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ተማሪዎችን ከጥናታቸው እንዳያዘናጉ የሚል ነበር። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በፈተናው ወቅት ኢንተርኔት በጠቅላላው ተቋርጧል። በአማራ ክልልም በጸጥታው ሁኔታ ምክንያት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወሳል።

የእነዚህን እርምጃዎች ፖለቲካዊ ገጽታ ለሌሎች ትተን ሥነ ልቦናዊውን ብቻ እንይ። በስኪነር ትምህርት መሠረት በዘፈቀደ ሽልማት የተገነባ ልማድ ሽልማቱ ሲቋረጥ ቶሎ አይጠፋም፤ እንዲያውም ከሌሎች ልማዶች ሁሉ ዘግይቶ የሚጠፋው እርሱ ነው። የለመደው ሁልጊዜ አለማግኘትን ነውና፣ ያለ ሽልማት የሚያልፉት ቀናት አዲስ ነገር አይሆኑበትም። ምልክቱ ሲመለስ ባሕርዩም ይመለሳል። ከዚህም ሌላ ብዙ የስልክ ጌሞች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ከስልክ ወደ ስልክም በዜንደር ይተላለፋሉ። ፕሌይስቴሽንም መስመር አይጠይቅም። በመሆኑም መቁረጥ ጊዜያዊ ፋታ ሊሰጥ ይችላል፤ ራስን መምራት ግን አያስተምርም።

በሌላ በኩል ነገሩን ከመጠን በላይ ማግነንም ትክክል አይሆንም። አሚ ኦርበንና ፕርዚቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 በጣም ብዙ ታዳጊዎች የተሳተፉባቸውን መረጃዎች መርምረው፣ በዲጂታል ቴክኖሎጂ መጠቀም በታዳጊዎች ደኅንነት ላይ የሚታየውን ልዩነት የሚያስረዳው ቢበዛ 0.4 በመቶ መሆኑን አግኝተዋል። ይህ አማካይ ነው፤ በአማካዩ ውስጥ በእርግጥ የሚጎዱ ልጆች አሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ስልክ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» መሆኑ ቀርቶ «ይህን ልጅ ምን ጎድሎት ነው ወደዚያ የሚሄደው?» መሆን አለበት።

ምን ይደረግ?

ካየናቸው አራት ድሮች እያንዳንዱ የየራሱ መፍቻ አለው።

የመጀመሪያውን ለማላላት ምልክቱን ማጥፋት ይጠቅማል። የማሳወቂያ ድምፆችን እንዝጋ፤ መልእክት የምናይበትን ሰዓት በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንወስን። ስልኩ በምናጠናበት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ቤት በጋራ የተከራዩ ተማሪዎች በጥናት ሰዓት ስልኮቻቸውን በአንድነት አጥፍተው ለአንዱ ሊያስረክቡ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን የእኩዮች ዓይን ራሱ ረዳት ይሆናል፤ ሁለተኛውም ድር ለጥቅም ይውላል።

ለሦስተኛው፣ ጌሙ የሚሰጠውን በሌላ መንገድ መስጠት ያስፈልጋል። አንድን ረጅም ምዕራፍ በትንንሽ ጥያቄዎች ከፍሎ መልሱን ወዲያው ማረም፣ በቡድን መጠያየቅ፣ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ በስፖርትና በሳይንስ ክበብ መሳተፍ «እችላለሁ» የሚለውን ስሜት ይመልሳሉ። መምህራንም ደብተር ቶሎ አርመው መመለሳቸው ከብዙ ምክር ይልቃል።

ለአራተኛው፣ ማብቂያውን ከመጀመራችን በፊት እንወስን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳየው «እቀንሳለሁ» ከሚል ጥቅል ውሳኔ ይልቅ «ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩን አጥፍቼ ከክፍሉ አወጣለሁ» የሚል፣ ጊዜውና ተግባሩ የታወቀ ዕቅድ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ወላጆችም ስልኩን ከመንጠቃቸው በፊት ልጁን «እዚያ ምን ታገኛለህ?» ብለው ይጠይቁት። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስት መለያዎች ለወራት የሚታዩበት፣ እንቅልፉና ትምህርቱ የተናጋበት ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩ ከምክር ያለፈ ስለሆነ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

እንግዲህ ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። አባቱ «ስንፍና» ማለታቸው ትክክል አይደለም፤ ልጁ የታገለው ለመያዝ ተብሎ ከተሠራ ነገር ጋር ነው። መምህሩም «ሱስ» ለማለት ቸኩለዋል። ለእውነቱ የቀረበው «ምን እንደሚነካኝ አላውቅም» ያለው ተማሪ ነው፤ አለማወቁን ማወቁ የመፍትሔው መጀመሪያ ነውና። አሁን የሚነካውን ነገር በስሙ አውቆታል። የኪሱ ገበያ በራሱ ጊዜ አይፈታም፤ የሚፈታበትን ሰዓት የሚወስነው ባለ ኪሱ ነው።